ቆርቆሮ ሥር የቀረበ ሪፖርት

ጉባኤው ሲዘጋ፣ ክረምቱ ሲከፈት፣
ከባሕር ዳር መጣሁ፣ ከዚያ ከምክር ቤት፤
አንድ ሻንጣ ልብስ ነው፣ አንድ ፌስታል ሕግ፣
ለመረጠኝ ወገን የማነበው በወግ።
ሉማሜ ላይ ወረድሁ፤ የቀረው በእግር ነው።
የዋልካው ጭቃ ግን አንድ ጫማ ቀማኝ፤
የአንማው ታናሽ ልጅ ጎትቶ አወጣልኝ፤
«የተከበሩ ሆይ፣ ጫማዎ!» ብሎ ሳቀብኝ።

አዳራሹ የትምህርት ቤት፣ ኮርኒስ የለው፣ ቆርቆሮ።
ሰው ሞላ፤ የጤፉን እርሻ ለነገ አሳድሮ፣
ገሳውን ከደጃፍ አራግፎ፣ ከምሮ።
«አዋጅ ቁጥር…» ብዬ ጉሮሮዬን ስስል፣
ዶፍ ወረደ ከላይ፣
ሽምብራ ከስልቻ የፈሰሰ ይመስል።
አንቀጽ አንድን ብል፣ ከንፈር ከንፈሬን አዩ፤
አንቀጽ ሁለትን ብል፣ «እህ» አሉ ሳይለዩ፤
ለጨዋነት ነበር።
ባሕር ዳር ድምፅ ስሰጥ እጄ ነው የበቃኝ፤
እዚህ እየጮኽሁ ድምፅ የሚባል አጣሁኝ።

ልነግራቸው ነበር፦
ያለ ደረሰኝ ቀረጥ የሚቀበል ይቀጣል፣
የከብት ደላላ ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣
የጤና መድን መዋጮ ከመኸር ወዲያ ይከፈላል፤
ዝናቡ ግን «አንቺን ማን ፈቀደልሽ?» ይላል።

ልየው ተነሣና፣ ከጆሮዬ ሥር ሆኖ፣
እጁን እንደ ጥሩምባ አፉ ላይ ከድኖ፣
«እሱ እስኪያባራ የእኛን ያዥ» አለኝ።
እስክሪብቶ አወጣሁ።

«የጉንዲትን ድልድይ፣ ያን ግንድ፣ ደራሽ ወሰደው፤
ወፍጮው ማዶ ቀረ፤ እህል በትከሻ ነው።
የውዴን በሬ ገደል በላው በሐምሌ አቦ ማግስት፤
ሠፈሩ በየተራ ጥማድ እያዋሰ ዘራላት።
የጤና ጣቢያውን የቃጫ አጥር፣ ለቡሄ ጅራፍ፣
ልጆቹ ጨረሱት፤ አሁን ሜዳ ነው ያ ደጃፍ።
ባንቻምላክ ደግሞ፣ ምጥ ይዟት በሌሊት፣
አሥራ ስድስት ትከሻ ቃሬዛ ሆኑላት፤
ወንዙ እስከ ደረት ነው፤
አምቡላንሱ ማዶ መብራቱን አብርቶ ጠበቃት።
ወንድ ወለደች፤ ስሙም ተሻገር ነው።
ጻፊው።»
ጻፍሁ።

ያኔ ዝናቡ ድንገት እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ።
አንቀጽ ሰባት ከጣቴ ሥር ሳይነበብ አለ፤
«ይህችን አንተ ውሰዳት» ብዬው ነበር በሆዴ፤
አልወሰዳትም።

«ከምንጭ ዐይን ዙሪያ
እስከ ሃያ ሜትር ባሕር ዛፍ አይቆምም፤
ቆሞ የተገኘም ከመስከረም አያልፍም።»
ሰው ሁሉ ዞረ፤
ከኋላ ወንበር ላይ አባቴ ተቀምጧል።

የምንጩ ዳር ጫካ የአባቴ ጥሪት ነው፤
ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስልሳ ግንድ የሸጠው።
ደብተሬ ዛፍ ነበር፣ ሻንጣዬ ዛፍ ነበር፤
ለድጋፍ ያወጣኋት ይህች እጅ ራሷ
ፊደል የቆጠረች በዛፍ ነው፤
በጥላው አይደለም፣ በዋጋው።

«ምንጩስ?» አለች ትሁን። «ዘንድሮ በበጋ
አንዲት ጀሪካን ለመሙላት ከመሸ እስኪነጋ!»
መልስ የሰጣት የለም።
አባቴ ቆመና፣ «ሃያ ሜትር ስንት ክንድ ነው?»
«አርባ» አልሁት።
«በማን ክንድ?»
ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።
«እጅ ያወጣሽው አንቺ፤ በራስሽ ክንድ ለኪው።»

በማግስቱ ጧት፣ ከምንጩ ዐይን ተነሥቼ፣
እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ጭቃው ላይ ተደፍቼ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እሱ ከኋላዬ ይቆጥራል።
አርባኛው ክንድ ከአንድ ወፍራም ግንድ መካከል ያርፋል፤
ግማሹ ከአዋጁ ውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ።
አባቴ መጥረቢያውን ተደግፎ ያየኛል።
ረቂቁን ስናጸድቅ ይህ ጥያቄ አልተነሣም፤
ቃለ ጉባኤ የሚይዝም አጠገባችን የለም።